የዘገየ ለቅሶ

አዲሱ ገበያ፣ ከፒያሳ በሰሜን ሆቴል በኩል የሚመጡት ታክሲዎች ሰው ከሚያራግፉበት ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። በእንጦጦ ትከሻ አድርጎ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚወጣውን መንገድ ከፊቱ አድርጎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሲንገር መኪናውን ይረግጣል።

አንድ ቀን በእሱ ዕድሜ ያለ፣ ደህና የለበሰ ሰው ሱሪ ይዞ መጣ።

«እግሩ ረዝሞብኛል፤ ያሳጥሩልኛል?»

ልብስ ሰፊው ገና ድምፁን ሲሰማ ዐወቀው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሮት ያደገ፣ አንድ ፓስቲ ለሁለት አብሮት የገመሰ ጓደኛው ነው። ማትሪክ ሲወጣ ለአንዱ ነጥብ መጣለት፣ ለሌላው አልመጣለትም። የመጣለት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቆይቶም ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። ሊሄድ ሲል የልብስ ሰፊው እናት ዳቦ ቆሎ ቆልተው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ «መንገድ ላይ ትበላዋለህ» ብለው ሻንጣው ውስጥ ከተቱለት። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ልጃቸው «እማዬ» ነበር የሚላቸው።

ዐወቀው፤ ግን ዝም አለ። ከአሜሪካ የተጻፉለት ሁለት ደብዳቤዎች ያለ መልስ ቀርተዋል። «ምን ብዬ ልጻፍ? ትተኸኝ እንደሄድክ ያው ነኝ ልበለው?» እያለ ሲያሳድራቸው ዓመታት አለፉ። አሁንም በሆዱ «ቢያውቀኝማ ይናገር ነበር» አለና በርከክ ብሎ ለካ፤ ቁጥሩንም በግራ እጁ ወረቀት ላይ አሰፈረ።

ባለ ሱሪው ያን ግራ እጅ አየ። መምህር በማስመሪያ እየመታ ወደ ቀኝ ሊመልሰው ያልቻለ እጅ ነው። አዲሱ ገበያ የመጣውም ይህንኑ ሰው ፍለጋ ነበር። የድሮው ግቢ ስለጠፋበት ሰው መጠየቅ ፈልጎ ነበር፤ አፈረ። እማዬ ማረፋቸውን የሰማው ሰው አገር ሳለ ነው። የሰፈሩን ሱቅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይዞ «ነገ እደውላለሁ» ሲል ሰነበተ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ስልክ ከስድስት አሃዝ ወደ ሰባት ሲዞር በእጁ ያለው ቁጥር መሥራት አቆመ። «ስልኩ ተቀይሮ ነው» የምትል ምክንያት አገኘና በእሷ ተጠልሎ ኖረ። ስለዚህ እሱም ዝም አለ።

«መቼ ልምጣ?»

«ነገ ከሰዓት ይደርስልዎታል።»

በማግስቱ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ምንም ያልሆነ ኮት አምጥቶ «ቁልፉን ያጥብቁልኝ» አለ። ሰንብቶ ደግሞ ያችኑ ያሳጠራትን ሱሪ ይዞ ተመለሰ።

«እንደገና ያስረዝሙልኝ።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን ገልብጦ የገዛ ስፌቱን አየው። «ይኼ እኮ ልክዎ ነው» አለ።

ሰውየው የደንበኛ መቀመጫዋ ዱካ ላይ ቁጭ አለ። «እማዬ ሲያርፉ ሳልደርስ ቀረሁ» አለ። «እግዜር ያጽናህ።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አወለቀ። ሁለቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ አለቀሱ። ቆይቶ ለማጅ ልጁን «ሩጥ፣ ለቅሶ ደራሽ መጥቷል፣ ቡና ይፈላ በል» ብሎ ወደ ቤት ላከው። ቤት ገብተው ሲቀመጡ እንግዳው ሁሉን ጠየቀ፤ ምን አመማቸው፣ ማን አስታመማቸው፣ ዕድርተኛው እንዴት አደረገ፣ የት አረፉ። ልብስ ሰፊውም መርዶው ዛሬ የተረዳ ይመስል ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከለት። ከዚያ በተራው «ያንተስ አባት?» አለ። እሳቸውም አርፈው ኖሯል፤ አዲሱ ገበያ አልሰማም። «እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ» ተባለ፤ እንደገና ተለቀሰ። የሒሳብ መምህሩ ነገር፣ በአጥር ዘለው የፎረፉበት ቀን፣ ሳቁ ሁሉ የመጣው ሲመሻሽ ነው።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት፣ ዛሬ የጥንት የክፍል ጓደኛን ማግኘት ቀላል ሆኖ ሳለ መገናኘቱ ግን ለምን ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ ሳስብ ነው። አንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል፤ በሳምንት ውስጥ ግማሹ ክፍል ይሰበሰባል። የደንብ ልብስ ፎቶ ይለጠፋል፣ የመምህራን ቅጽል ስም ይነሳል፣ «ማን የት ደረሰ?» ይባላል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ቀድመው ጸጥ የሚሉት «የት ደረሰ» የሚለው ጥያቄ ያሳፈራቸው ናቸው፤ እነሱ ሲጠፉ ሌላውም ይበተናል። በመካከል ያለፈው ዘመን ሳይነካ ሳቁ ላይ መዝለል የሚቻል ይመስለናል። ያ ዘመን ግን ሙት አለበት፤ ሳንደርስ የቀረንበት ለቅሶ አለበት።

ሠርግ ጥሪ ይጠብቃል። ለቅሶ ግን ያለ ጥሪ ነው የሚኬደው፤ ዓመታት ቢያልፉ እንኳ «ሰው አገር ነበርኩ፣ አልሰማሁም ነበር» ብሎ የመጣን ሰው ከበር የሚመልስ ቤት አላውቅም። የተቀያየመ፣ የተፋፈረ፣ ደብዳቤ ያልመለሰ ሁሉ የሚገባበት በር ይህ ነው። እዚያ ቤት ማን ሀብታም ሆነ፣ ማን ቀረ ተብሎ አይጠየቅም።

የእኛ አገር የክፍል ጓደኝነት ደግሞ በለቅሶ ዕዳ የተሞላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር በተነ። ብዙዎቹ ዴስካቸው ላይ ተመልሰው ሳይገናኙ ቀይ ሽብር ደረሰ፤ ልጅ የተገደለባት እናት ማቅ ለብሳ፣ ድንኳን ጥላ እንዳታለቅስ ተከለከለች። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በወጣቶች ፎቶ የተሞላ ነው። ያ ትውልድ ከስንት ዓመት በኋላ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠራው የእነዚህን ስም ነው፤ ትክክልም ነው። ከዚያ ወዲህ ያለነው በዲቪ፣ በዓረብ አገር ሥራ፣ በሰፈር መፍረስ የተበታተንን ግን ይህን ሥርዓት ዘለልነው።

ስለዚህ የክፍላችሁ ልጆች የእሁድ ምሳ ሲያቅዱ ቅዳሜን ለለቅሶ ያዙት እላለሁ። ግሩፑ ላይ «ማን የት ደረሰ» ከመባሉ በፊት «ማን ምን ሆነበት» ይባል። ሚኒባስ ተኮናትራችሁ በየቤቱ ዙሩ፤ ውጭ ያለው በጽሑፍ ሳይሆን በድምፁ ደውሎ «እግዜር ያጽናህ» ይበል። ራሱ የሞተ ጓደኛ ካለና እናቱ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እሳቸው ይኬድ። እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ሰው ልጃቸውን ከሥራው፣ ከትዳሩ፣ ከሕመሙ የሚያውቅ ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ክፍል ውስጥ ምን እያለ ያስቃችሁ እንደነበር የምትነግሯቸው እናንተ ብቻ ናችሁ።