«ውሸት ነው» ከማለታችን በፊት

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እምነታችሁን ለመከላከል ስትሉ ያልመረመራችሁትን ነገር «ውሸት ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ።

ከዓመታት በፊት የየካ ወጣቶች ኅብረት ሆነን፣ ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ብሔራዊ ሙዚየምን ልንጎበኝ ሄድን። ድንቅነሽ ፊት ስንደርስ «ፈረንጅ የፈጠራት ናት» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ባዮሎጂ የምትማር አንዲት እህት ግን አልሳቀችም። «በምን አወቅህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን ወደ እኛ ይዛ አልመጣችም።

ቆይቼ አነበብኩ። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ከአጽሟም 40 ከመቶ ያህሉ ተሰብስቧል። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት በሁለት እግሯ ቆማ እንደሄደች ያሳያል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተባለውም እንዲሁ በግምት አይደለም። በአካባቢው ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የሚለካው እርሱ ነው። «ፈረንጅ» ያልኩትም አላዋጣኝም፤ ሰላም የተባለችውን ሕፃን በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኘውን ቡድን የመራው ኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው።

«ታዲያ ማጭበርበር የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1912 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የታወጀው የፒልትዳውን ሰው የተቀነባበረ ነበር። በ1953 ያጋለጡት ግን አጥንቱን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ናቸው እንጂ በሩቁ የሳቁ ሰዎች አይደሉም።

የዘፍጥረትን ቀናት እንዴት እንደምናነብ ጌታን የሚወዱ ሰዎች ይለያያሉ። ያንን ክርክር ዛሬ አልፈታውም። ነገር ግን በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ለእምነት ስንሟገት አይሻርም። የእውነት አምላክ የእኛ ውሸት አያስፈልገውም።

አጥንት የማይናገረውም ነገር አለ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ፣ ወገቧ ጎብጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርደውን እናት አስቡ። ሸክሙ ጀርባዋን ምን ያህል እንደጎዳው ሐኪም ሊነግረን ይችላል። መንገድ ልንለቅላት፣ ልናግዛትና ልናከብራት እንደሚገባ ግን የትኛውም መሣሪያ ለክቶ አይነግረንም። እኛ የምናከብራት በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥራለች ብለን ስለምናምን ነው። «ሰው እንስሳ ብቻ ነው» የሚልም ሰው ከእኔ የተሻለ አላደረገም፤ እኔ አጥንቱ ያለውን አልሰማሁም፣ እርሱ ደግሞ ያላለውን አስባለው።

ወገኖቼ፣ ነገ በኅብረታችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ይነሣ ይሆናል። አትሳቁበት። «አላውቅም፤ ና አብረን እንመርምር» በሉት። ያን ቀን ለዚያች እህት እንዲህ ብያት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም አብራን ትቀመጥ ነበር።