ትዕግሥትና ስስት

የሰው ልጅ ከሠራቸው ነገሮች መካከል ዋጋቸው በመቆየታቸው የሚገለጥ አሉ፤ ዋጋቸው በማለቃቸው የሚገለጥም አሉ። ሐውልት የመጀመሪያው፣ እንጀራ የሁለተኛው ምሳሌ ነው። የኩባ ሲጋር ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ ጥያቄ ያስነሳል። ለዓመታት ቢቀመጥ ይሻሻላል፤ ይሁንና ካልነደደ የተሠራበት ዓላማ አልተፈጸመም። እንግዲህ አንድን ነገር ጠብቆ በማቆየት ውስጥ ትዕግሥት የሚያበቃው፣ ስስት የሚጀምረው የት ላይ ነው?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ነገሩን ራሱን መመርመር ይገባል። በኩባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በፒናር ዴል ሪዮ የሚለቀመው የትምባሆ ቅጠል ይደርቃል፣ ይከመራል፣ በክምሩ ውስጥም በራሱ ሙቀት ይብላላል። ከዚያም በሠራተኛ እጅ ይጠቀለላል። ነገር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ገና አልሰከነም። በውስጡ የቀረው የአሞኒያ ሽታ የሚለቀው፣ የልዩ ልዩ ቅጠሎቹም ጠረን የሚዋሃደው በጊዜ ብዛት ነው።

በቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሣጥኑ በተለምዶ ከውስጥ የሚለበጠው «የእስፓኝ ዝግባ» በሚባል እንጨት ነው፤ ስሙ ዝግባ ይሁን እንጂ ትውልዱ ከማሆጋኒ ወገን፣ አገሩም የአሜሪካ ሞቃት ምድር ነው። አዲስ ሣጥን አስቀድሞ እርጥበት እንዲጠጣ ካልተደረገ ከቅጠሉ ላይ ይነጥቃል። የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይመከራል። እርጥበቱ ሲያንስ መጠቅለያው ይሰነጠቃል፣ ጠረን የያዘው ዘይት ይተናል፤ ሲበዛ ሻጋታ ያቆጠቁጣል። ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ የነቀዝ እንቁላል ይፈለፈልና የዓመታትን ጥበቃ ወንፊት ያደርገዋል። የእርጥበት መለኪያውም በጭፍን አይታመንም። በጥቂት ውኃ የራሰ የገበታ ጨው ከመለኪያው ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲያድር አየሩ 75 በመቶ ያህል እርጥበት ስለሚይዝ፣ መለኪያው ከዚህ ቢያፈነግጥ ስሕተቱ ይታወቃል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ቁም ነገር፣ ጊዜ ብቻውን ምንም የማያበስል መሆኑ ነው። ጥንቃቄ የተለየው ጊዜ የሚያፈራው ነቀዝና ሻጋታ ነው። ስለዚህ መጠበቅ በራሱ ሥራ ነው። ይሁንና ሁለተኛ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውን ሊያስረሳ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐቫና ከተማ በኤል ፊጋሮ ፋብሪካ የነበሩ ሠራተኞች፣ እጃቸው ሲጠቀልል ጆሯቸው እንዳይራብ፣ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው አቆሙ፤ ለአንባቢውም ከገዛ ገቢያቸው አዋጡ። በተከታዩ ዓመት የቅኝ ገዥው አስተዳደር ንባቡን ከለከለ። ልማዱ ግን አልሞተም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው «ሞንቴክሪስቶ» ስያሜውን ያገኘው ሠራተኞቹ ሲያዳምጡት ከነበረው የዱማ ልብ ወለድ እንደሆነ ይነገራል። ሣጥኑን ከፍቶ «እኔ ያበሰልኩት» የሚል ባለቤት ይህን ሁሉ ላብና ጆሮ በአንድ ቃል ይሰርዛል።

ማስቀመጥ ወደ ማከማቸት ሲለወጥ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፕሬስ ጸሐፊ የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር በኋላ እንደተረኩት፣ ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. በ1962 መጀመሪያ 1,000 የኩባ ሲጋር በአስቸኳይ እንዲፈለግላቸው አዘዙ። በማግስቱ 1,200 መገኘቱን ሲሰሙ ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ፈረሙ፤ ወረቀቱ የኩባ ሸቀጥ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግደው ውሳኔ ነበር። እዚህ ላይ የተጠበቀው ሲጋር አልነበረም፤ ሌላው የማያገኘውን የማግኘት ዕድል ነበር። በአንጻሩ ፊደል ካስትሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ ጤና አርአያ ለመሆን ሲሉ ማጨስ አቆሙ። ዓመታት የትምባሆን ጣዕም ያለሰልሱ እንጂ ጉዳቱን አያስወግዱምና፣ አንዳንድ ጊዜ የትዕግሥት ፍጻሜ መተው ነው።

እንግዲህ ድንበሩ ያለው በዓመታቱ ቁጥር ላይ አይደለም። ታጋሽ ሰው ለምንና ለማን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ ስስታም ግን መጠበቁን ራሱን ዓላማ አድርጎታል። «ገና ነው» ይላል፤ ሲጋሩ ግን ካፈራው በኋላ ጠረኑ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከልክ ያለፈ ጥበቃ በዝግታ የሚፈጸም ጥፋት ነው።

ይህ ፍርድ ከትምባሆ ሣጥን አልፎ የጸሐፊውንም መሳቢያ ይነካል። ያልበሰለ ተውኔት ወደ መድረክ መቸኮሉ ጥፋት ነው፤ የበሰለው ደግሞ «ትንሽ ይቆይ» እየተባለ ዘመኑ ሲያልፍበት ጥፋቱ አያንስም። ተውኔት የሚኖረው በመድረክ ላይ ነድዶ በሚያልቅባት ምሽት ነው። መምህሩ ዕውቀቱን፣ ሠዓሊው ሸራውን፣ የሥራ ኃላፊው ውሳኔውን ሲያቆይ፣ ሣጥኑን ጠብቆ መያዙን ብቻ ሳይሆን የሚከፍትባትን ቀን ማወቁንም ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።