ማን ወርዶ ለካው?

በትምህርት ቤታችን የንባብ ሳምንት ሲመጣ የጥያቄና መልስ ውድድር አይቀርም። ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ጠረጴዛ ይወጣል፤ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይሰቀላል፤ ለሽልማት ደብተርና እስክሪብቶ ይደረደራል። አንድ ዓመት ከጥያቄዎቹ መካከል «የዘንገና ሐይቅ ጥልቀት ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነበረበት። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «166!» ብሎ ጮኸ። ተጨበጨበለት፤ ደብተሩን ወሰደ። ከተቀመጡት መሐል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የተሻለ መልስ ያላት መስሎን ማይኩን ሰጠናት። «ማን ወርዶ ለካው?» አለች። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ለጠያቂ የተመደበ ሽልማት አልነበረንምና ባዶ እጇን ተቀመጠች።

እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኛል። መምህራኑ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ማለፌን ስለሚያውቁ «የኔታ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሁለቱም አጠራር ደስ ይለኛል። በሁለቱ ትምህርት ቤቶቼ መካከል ያለው ሙግት ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨልኝም። ሰው ያልገባውን ሲያነብ አነበበ ይባላል ወይ?

በየኔታ ቤት መልሱ «እንዴታ!» ነው። ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ የዮሐንስን መልእክት ያዝሁ፤ መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ። ወንጌሉ ተከተለ፤ ከወንጌሉ በኋላ ዳዊት። ቤታችን የሚነገረው አዊኛ፣ ገበያ የምሰማው አማርኛ፣ በእጄ የያዝሁት ግዕዝ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሚነሣውን ከጣልሁት ወይም የሚወድቀውን ካነሣሁት ወዲያው መሬቱን በዱላቸው ይመቱታል። የቃሉን ትርጉም ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። 150ውን መዝሙር ስወጣ እናቴ ጠላ ጠመቀች፤ ዘመድ ተጠራ፤ «ልጃችን ዳዊት ደገመ» ተባለ። ከደገምሁት ውስጥ የማውቀው የእግዚአብሔርን ስምና ጥቂት ቃላትን ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ንባብ አይለውም። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ተቆጠረ፤ ወዲያው ስለ ታሪኩ ተጠየቀ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ምዘናው ትክክል ነው፤ ሐኪም ሙቀት ሳይለካ አያክምም። ሆኖም በዚህ መለኪያ ብቻ ከሄድን በላይብረሪዬ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ስም ያጣል። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ በእርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። መጽሐፉ ስለ በረዶና ስለ በረዶ ላይ መንሸራተቻ ነው። ጣቱን ከመስመር መስመር እየጎተተ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። «ገባህ?» ስለው «አይ» ይላል። «ታዲያ ለምን ታነባለህ?» ስለው «እስኪገባኝ ነዋ ቲቸር!» አለኝ፤ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁት ሁሉ።

ይህ ልጅ ጃንደረባውን አስታወሰኝ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ግን ስለ ጥምቀቱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ከጥምቀቱ በፊት ያለው ነው። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ በጅሮንድ የሆነው ይህ ሰው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በጋዛ መንገድ ላይ ሰረገላው ውስጥ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ እየሮጠ ሲደርስ ይሰማዋል። የተሰማው ድምፁን አውጥቶ ስላነበበ ነው፤ በልቡ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ ሀብታም መንገደኛ አይቶ ባለፈው ነበር። የሚያነበው ገብቶት እንደሆነ ሲጠየቅም ሰውየው አያፍርም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ሊገባኝ ይችላል ብሎ ከጎኑ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎም ጥያቄውን ያቀርባል፤ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጹን ላልገለጠ ሰው አይመጣለትም። ሳይገባው ማንበቡ ባዶ ድካም ነበር የሚል ካለ ጥያቄው ከየት መጣ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ ሦስት መቶ አምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ የሆነ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የሚላኖውን ጳጳስ አምብሮስን ሲያነብ እንዳየው ጽፏል። ዓይኑ ገጹ ላይ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። እንግዶች ገብተው ዝም ብለው ይቀመጡና ዝም ብለው ይወጣሉ። አውግስጢኖስ ምክንያቱን ሲገምት ምናልባት የሰማ ሁሉ ከባዱን ቦታ አስረዳኝ እያለ እንዳያስቸግረው ይሆናል አለ፤ ወይም በቶሎ የሚዘጋውን ጉሮሮውን ለማሳረፍ። የመጀመሪያው ግምት ሳነበው አሳቀኝ። እኛ ግድግዳ ላይ «ጸጥታ ይከበር» ብለን የለጠፍነው ለካ ጠያቂን የማራቂያም ዘዴ ነው!

ጸጥታን አልንቅም። ብቻውን ከመጽሐፍ ጋር የተቀመጠን ልጅ ማንም «ትርጉሙ ይህ ነው» አይለውም፤ ይህ ነፃነት በየኔታ ቤት አልነበረኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያው ይከበራል። ከሰዓት በኋላ ግን በሩን ከፍቼ ድምፅ እፈቅዳለሁ። የሰባተኛ ክፍሎቹ ከሁለተኛ ክፍሎቹ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው በቀርከሃው አግዳሚ ላይ ያነባሉ። በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ከልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ይነበባል። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቱ ሰው ነው ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት በሬዲዮ የሰማው! መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛ ብዙ በማትርቀው በማንኩሳ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሰብለወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋታል። አላነበቡም የሚላቸው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልደፍርም።

ግልባጩም አለ። ልጆቹ በአዊኛ የሚነገረው ሁሉ ይገባቸዋል፤ በመደርደሪያችን ላይ ግን ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር በአዊኛ የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ላይብረሪዬ ወና ይሆናል። ልጆቹን ማስቀረት እንደማይቻል ሳውቅ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የፈረስ ታሪክ በአዊኛ ጽፈው እንዲያመጡ ነገርኋቸው። ባለ 32 ገጽ ደብተሮች መጡ። ቁጥር ሰጥቼ ከመጻሕፍቱ ጎን ደረደርኋቸው። ሲነበቡ ሳቁ ሌላ ነው።

ለጠያቂዋ ልጅም አንድ ነገር አደረግን። ጠረጴዛዬ ላይ ትልቅ መዝገብ አለ፤ ማንም ካነበበው ያልገባውን ይጽፋል፤ የሚያውቅ ከሥሩ ይመልሳል። የመጀመሪያው መስመር የእሷ ነው። የፊዚክስ መምህሩ መለሰላት፤ ማንም መውረድ አያስፈልገውም፤ በታንኳ ላይ ሆኖ ጫፉ ክብደት ያለው ገመድ መጣል ወይም ድምፅ ወደ ታች ልኮ እስኪመለስ መቁጠር ይበቃል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ስለሚሮጥ ከዘንገና ወለል ደርሶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እሷ ደግሞ ከሥሩ «ወለሉ ጭቃ ከሆነስ?» ብላ ጻፈች። መምህሩ አሁንም እያሰበበት ነው።

አንባቢ ከመጽሐፍ ሌላ የሚጠይቀው ሰውም ያስፈልገዋል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ላይብረሪ ሥራውን ትቶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት፣ ኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ሲያዞር፣ ከመጻሕፍቱ ጋር ሰውም ሄዷል። የብዙ ትምህርት ቤቶች ላይብረሪ ግን የንብረት ክፍል ሆኖ የቀረ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ይቆልፋል። አልፈርድበትም፤ ልጆች ያሉት ሰው ነው።

ከጃንደረባው ታሪክ ዘግይቶ የበራልኝ ክፍል መጨረሻው ነው። ጃንደረባው ከውኃው ሲወጣ መንፈስ ፊልጶስን ነጥቆ ይወስደዋል፤ ሰውየው ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ እያለውም መንገዱን ቀጠለ። ፊልጶስ እስከ ቤተ መንግሥቱ ቢሸኘው ኖሮ ጃንደረባው ለዘላለም የፊልጶስ ተማሪ ሆኖ በቀረ። ስለዚህ ልጁ ሲጠይቀኝ ለመጀመሪያው ጥያቄ እመልሳለሁ። ለሁለተኛው መጽሐፍ አሳያለሁ። ለሦስተኛው ሻይ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ።

አንድ መሪጌታ ወዳጅ አለኝ፤ በዚህ አይስማማም። ቅኔ የተማረ ሰው ስለሆነ ክርክሩ ያደክማል። «ጃንደረባው በእጁ የነበረው ኢሳይያስ ነው» አለኝ። «ሌላ ጥቅልል ቢሆንስ ኖሮ? ፊልጶስ ቢሰወርም መንፈስ ቅዱስ አልተሰወረም። አንተ ለሻይ ስትወጣ ከልጁ ጋር ማን ይቀራል?» የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አጠገቤ የተቀመጡበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ አንባቢን ብቻውን መተው እንደ በደል ይቆጠር ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይቀራሉ፣ ሌሎቹ መጻሕፍት ይቀራሉ ብዬ መለስሁለት። ራሱን ነቀነቀ።

ጥያቄውን በመዝገቡ ላይ እንዲጽፈው ለመንሁት፤ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ጻፈው። እስካሁን ሁለት ልጆች ከሥሩ ጽፈዋል። አንደኛው «እኛ አለን» ይላል። ሁለተኛዋ «ኢሳይያስ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?» ብላለች።