ሳይቆጠር ስለሚሄድ ገንዘብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ያህል ወንዶችን ካጠገበ በኋላ፣ የተረፈው ፍርፋሪ ተሰብስቦ እንዲነሣ ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙን ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። በቃሉ እንጀራን ማብዛት የሚቻለው አምላክ ስለ ፍርፋሪ ማዘዝ ለምን አስፈለገው? የእግዚአብሔር ስጦታ ቢበዛም ቢያንስም የሚጣል አለመሆኑን ሊያስተምረን ነው። ዛሬ ይህን ትምህርት ይዘን የምንመረምረው ነገር ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም በእጅ ስልካችን በኩል ሳናየው የሚወጣው ገንዘብ ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የእጅ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። እኛ ይህን መሣሪያ አንነቅፍም። በሩቅ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ይሰማበታል፤ ካህን ወደ ታመመ ሰው ይጠራበታል፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር ገንዘብ ይላክበታል። ነቀፋችን በስልኩ ላይ ሳይሆን ባለመቁጠራችን ላይ ነው።

ይህንም የምንጽፈው ከስሕተት ነፃ ሆነን አይደለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ፣ በዋዜማው የሞላነው የስልክ ሒሳብ ሳንደውልበት ጎድሎ አገኘነው። ተቈጥተንም «ተዘረፍን» አልን። አንድ ወጣት ዲያቆን ስልካችንን ተቀብሎ መልእክቶቹን ከተመለከተ በኋላ፣ «አባታችን፣ ይህን የተቀበሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለን። ለካስ ከሰባት ወር በፊት መንፈሳዊ ምክር በየቀኑ እንልክላችኋለን የሚል ጥሪ ደርሶን፣ እስከ መጨረሻው ሳናነብ በአንዲት ፊደል እሺታችንን ልከን ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ብር ሲቈረጥብን ነበር፤ በሰባት ወር 420 ብር መሆኑ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛም ገንዘብ እንዲሁ ቀስ በቀስ እግር አውጥቶ ሄደ።

ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። ከመልእክቶቹ የሚበዙትን አላነበብናቸውም። በእነዚሁ ወራት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡት ነዳያን፣ «ዝርዝር የለንም፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» እያልን ማለፋችን ትዝ አለን። ለማናነበው መልእክት በየቀኑ የሚሆን ሁለት ብር አልታጣም፤ የታጣው ለወንድማችን ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ የሚወጣባቸውን በሮች እንወቅ። አንደኛው፣ እንደ እኛ ሳያነቡ እሺ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል ሲያልቅ ሳናስተውል ከዋናው ሒሳብ መቈረጡ ነው። ሦስተኛው፣ የአየር ሰዓት ብድር ነው፤ ይህ ብድር የአገልግሎት ዋጋ ታክሎበት ካርድ በተሞላ ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ የዛሬው ካርድ የትናንቱን ዕዳ ከፍሎ ያልቅና ሰውየው እንደ ገና ይበደራል። በገርጂና በሲ ኤም ሲ በየደጃፉ የሚያድሩት ዘበኞች፣ በአያት በየቤቱ የሚያገለግሉት እኅቶች በዚህ ዙሪያ ሲመላለሱ እናያለን። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 22 ተበዳሪን ከአገልጋይ ጋር ያነጻጸረው ስለ ትልቅ ዕዳ ብቻ አይደለም። አራተኛው በር በወር መጨረሻ በሚከፈል ውል ስልክ የያዙትን ይመለከታል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ ሰው፣ ስልኩ በባዕድ አገር መስመር እንዲሠራ ፈቅዶ፣ ኢንተርኔቱንም ሳይዘጋ ቢሄድ፣ እርሱ በጸሎት ቆሞ ሳለ ስልኩ በኪሱ ሆኖ ሒሳብ ይቈጥርበታል፤ ሲመለስም ያላሰበው ዕዳ ይቆየዋል።

መድኀኒቱ ምንድን ነው? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ በምሳሌ አስተምሮናል። እንግዲህ ወሩ ሳይጀምር ለስልክ የምናወጣውን እንወስን፤ ከተወሰነውም አንለፍ። በውል የምንጠቀም ብንሆን የወሩ ወጪ ከዚህ እንዳያልፍ ገደብ ይደረግልን ብለን እንጠይቅ፤ ወደ ውጭ አገርም ሳንሄድ ዋጋውን እንረዳ። ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱን እንዝጋ፤ ያልፈለግነውን መልእክት ላኪው ባመለከተው ቃል እናቋርጥ። ቅዳሜ ማታ ለቅዳሴ ስንዘጋጅ፣ ኅሊናችንን ከመረመርን በኋላ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ኮከብ 804 መሰላል ብለን ቀሪ ሒሳባችንን እንመልከት። ኀጢአትም እንደዚሁ በአንዲት ያልተመረመረች እሺታ ገብታ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ትወስዳለችና፣ በትንሹ መቍጠርን የለመደ በትልቁም አይቸገርም።

ሒሳባችን ጎድሎ ባገኘነው ጊዜም አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በመስኮት የተቀመጠችውን ሠራተኛ በቍጣ አንናገራት፤ በደሏ አይደለምና። ሳንፈቅድ ተቈርጦብን ከሆነ ግን በትሕትና አቤት እንበል፤ ዝም ማለት ሁልጊዜ ትዕግሥት አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሰው መጐዳት ምክንያት ሊሆን ይችላልና። በዚህ ንግድ የምትሠሩ የቤተ ክርስቲያን ልጆችም አስተውሉ። ዋጋውን በደቂቅ ፊደል ጽፎ እሺታውን በትልቁ መጠየቅ ሐሰተኛ ሚዛን ነው። ፊደል የማታነብ እናት ያላወቀችውን ከእርስዋ መውሰድ፣ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት የተወሰደ ስለ ሆነ ንጹሕ አይሆንም።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ገደብ አድርጉ የምንላችሁ ለስስት አይደለም። የተሰበሰበው ፍርፋሪ አሥራ ሁለት መሶብ ሞልቷል፤ ከእኛም የሚተርፈው ለሌላው ይሁን። እኛ መልእክቱን ካቋረጥን ወዲህ የየቀኑን ሁለት ብር በአንድ ቆርቈሮ ውስጥ እናኖራለን፤ በሰንበትም ወደ ደጀ ሰላሙ ይዘነው እንሄዳለን። ዝርዝር የለንም ማለትን በዚህ ትተናል።

ልዑል እግዚአብሔር የሰጠንን ቈጥረን የምንይዝበት ልቡና፣ የቈጠርነውንም የምንሰጥበት እጅ ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።