አህያ ጭና የወረደችው

ልጄ፣ ከእህትህ ጋር በቤተሰቡ ቴሌግራም የተጻጻፋችሁትን ደጋግሜ አነበብኩት። በእናታችሁ ቤት ጉዳይ ማናችሁ ልክ እንደሆናችሁ ዛሬ አልፈርድም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይወርሳሉ፤ ድርሻህን የሚነጥቅህ የለም። እንቅልፍ የነሳኝ አንተ በሌሊት ስምንት ሰዓት የጻፍክላት ቃል ነው።

እስቲ የመጀመሪያውን መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 እና 25 አከታትለህ አንብብ። ንጉሥ ሳኦል ሦስት ሺህ የተመረጠ ሰው ይዞ ዳዊትን ሊገድል ወደ ዓይንጋዲ ይወጣል። ዋሻ ውስጥ ብቻውን ሲገባ በዳዊት እጅ ይወድቃል። ዳዊት ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ይተወዋል፤ ለዚያችም ለቆረጣት ይጸጸታል። ገጹን ስትገልጥ ይኸው ዳዊት በሌላ መልክ ይመጣል። ናባል የሚባል ሦስት ሺህ በግና አንድ ሺህ ፍየል ያለው ባለጸጋ፣ በበግ ሸለታው ቀን ስንቅ ሊለምኑ የተላኩትን አሥር ጎልማሶች ሰድቦ ይመልሳቸዋል። ዳዊት አራት መቶ ሰው አስታጥቆ፣ ከናባል ቤት እስኪነጋ አንድ ወንድ አላስቀርም ብሎ ምሎ ይነሳል።

ነፍሱን ለሚሻ ንጉሥ የራራ ሰው፣ እንጀራ በነፈገው ባለ በግ ላይ እንዲህ መጨከኑ ለብዙ ዓመት አይገባኝም ነበር። ምዕራፍ 25 በምን እንደሚጀምር ያስተዋልኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። በሳሙኤል ሞት ነው የሚጀምረው። ዳዊትን በቅባት የቀባው፣ ከሳኦል ሸሽቶ የተጠጋበት ያ አባት ሞቶ፣ እስራኤል ተሰብስቦ አልቅሶለት ተቀብሯል። መጽሐፉ ቁጣው ከሐዘን መጣ አይልም፤ ይህ የእኔ የሽማግሌው ግምት ነው። እናንተን ሳይ ግን ግምቴ ይበረታብኛል። የእህቴን፣ የእናታችሁን አርባ ካወጣን ገና ወር አልሞላም። ቤቱ እሷ ያረፈችበት ቤት ባይሆን ኖሮ፣ አንተም እህትህም እንደዚያ የምትነጋገሩ ልጆች አልነበራችሁም።

አሁን ወደ ናባል ሚስት ወደ አቢግያ ልምጣ። አፍ ሳትከፍት ምን እንዳደረገች ተመልከት። ሁለት መቶ እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ አምስት የተሰናዱ በጎች፣ ቆሎ፣ ዘቢብና የበለስ ጥፍጥፍ በአህያ አስጭና አስቀድማ ሰደደች፤ ራሷም ተከትላ በተራራው ተዳፋት ወረደች። ዳዊትን ስታገኘው ከአህያዋ ወርዳ በግንባሯ ተደፋች። ያላደረገችውን ጥፋት በራሷ ላይ አደረገች። ባሏ ልክ ነው ብላ ግን አልዋሸችም፤ ዳዊትንም ለምን ተቆጣህ አላለችውም። የነገውን ቀን አሳየችው፦ እግዚአብሔር ባነገሠህ ጊዜ፣ በከንቱ ያፈሰስከው ደም ለልብህ ጸጸት እንዳይሆንብህ አለችው። አራት መቶውን ሰይፍ ወደ ሰገባው የመለሰው ይህ ነው።

ማታ ቤቷ ስትመለስ ናባል ጠጥቶ ሰክሯል። ያን ሌሊት አንዲት ቃል አልነገረችውም፤ ወይኑ ከራሱ እስኪወጣ ጠብቃ ጠዋት ነገረችው። ለአንዱ ሳትዘገይ ገሰገሰች፣ ለሌላው እስኪነጋ ዝም አለች። እኔ ጥበብ የምለው ይህንን ነው። አንተ ግን የምትሄድበትን ቀን ዝም ብለህ፣ ዝም የምትልበትን ሌሊት ጻፍክ።

የምነግርህን በኔም አይቼዋለሁና ስማኝ። ከወንድሜ ጋር በወሰን ላይ በበቀለ ባሕር ዛፍ ተጣልተን ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። እኔ አልሰደብኩትም፤ በዚህም ራሴን ታጋሽ ክርስቲያን አድርጌ እቆጥር ነበር። እሁድ በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ ብሎ ሲያዝ፣ እሱ ከዓምዱ በስተቀኝ ቆሞ፣ እኔ ወደ ግራ ዞሬ እጅ እነሣ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ! ያንን ዝምታ ሰላም ብዬ መጥራቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ምሽት ሚስቱ መጣች። ስለ ዛፉ አላነሳችም፤ የጤፍ ዘር ጎድሎናል፣ አበድሩን ብቻ አለች። ዘር ጎድሏቸው እንዳልነበር በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ግን በማግስቱ ዘሩን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ደጁን የማንኳኳበት ምክንያት ሰጥታኝ ነበርና። ወሰኑን ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ለኩት። አራት ዛፍ ለእሱ ደረሰ፤ አልከፋኝም።

በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ጌታ ያስተማረው ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ አንተና የበደለህ ሰው ብቻችሁን፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረህ፣ ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ። እኛ ዘንድ ጎረቤቱ ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው ነገሩ ለባለቤቱ የሚደርሰው። አንተም 19 ዘመድ ባለበት ግሩፕ ጀመርከው።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታታ። መሄድ ማለት ለሚደበድብህ ሰው ጀርባ መስጠት አይደለም። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ሸሽቷል፤ በዋሻው ከራራለትም በኋላ አብሮት ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም። እህትህ ግን ቃል ነው የወረወረችብህ፣ አንተም የከፋ መልሰህላታል።

ስለዚህ ነገሩን ለሁለት ክፈለው። የቤቱ ጉዳይ ለብቻው ይቆይ፤ በኋላ እኔና የንስሐ አባታችሁ ባለንበት ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ፣ ካስፈለገም በሕግ ይታያል። ለቃሉ ግን አሁን ሂድ። እሷም እኮ እንዲህ ብላኛለች እያልክ አትጀምር፤ ያንተን ብቻ ተናገር። ይቅርታህ ድርሻህን እንደመተው እንዳይቆጠርብህ የምትፈራ ከሆነ፣ ያንን ለእሷ የማስረዳው እኔ ነኝ። ባዶ እጅህንም አትሂድ። እናትህ ትወደው የነበረውን ቡና ግማሽ ኪሎ ጥሬውን ግዛና ያዝ፤ እዚያው ስትቆላው ሁለታችሁም የምትናገሩት አታጡም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ትሆናለች፤ ጠይቄያታለሁ።