መልክ ስንት ነጥብ ይይዛል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ የሚያስተዳድረው አነስተኛ ድርጅት ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ወዳጄም «አንተ የጋዜጠኝነት ሰው ነህ፤ የአማርኛውን ፈተና አርምልኝ፤ ቃለ መጠይቁም ላይ ተቀመጥ» አለኝ። ሰው መመዘን ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ለጸሐፊነቱ ሁለት ወጣት ሴቶች ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። አንደኛዋ በትየባ ፈጣን ናት፤ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁም። ሁለተኛዋ በሁለቱም ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች፤ ግን ቆንጆ ነበረች። በሩን ከፍታ ስትገባ ሦስታችንም ፈታኞች ሳናውቀው ወንበራችን ላይ ተስተካክለን ተቀመጥን።

በቅጹ ላይ «አቀራረብ» የምትል፣ አሥር ነጥብ የምትይዝ ሣጥን አለች። ለቆንጆዋ ዘጠኝ፣ ለሌላዋ አምስት ሰጠሁ። ባልደረቦቼም ከእኔ አልራቁም። ነጥቡ ሲደመር ቆንጆዋ አለፈች። በዚያው ቀን ለሒሳብ ሥራው የቀረቡት ወንዶች ነበሩ። ለእነርሱ በዚያችው ሣጥን ለሁሉም ሰባት ሰባት ሞላሁ፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ከሳምንት በኋላ ያልተመረጠችው ልጅ መንገድ ላይ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ ጉድለቴን ቢነግሩኝ ለሌላ ጊዜ አሻሽለዋለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት? «ውድድሩ ከባድ ነበር» ብዬ ሸሸሁ።

ሰው ውበትን መውደዱ ነውር አይደለም። ነውሩ ለዓይናችን ደስታ የሰጠነውን ነጥብ የሥራ ችሎታ ብለን መዝግበን መፈረማችን ነው። አባቶቻችን «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላሉ፤ እኛ ግን በመልክ ደመወዝ እንቆርጣለን።

ወዳጄ «ደንበኛ ቆንጆ ማየት ይወዳል፤ እኔ ነጋዴ ነኝ» ብሎ ይሞግተኛል። እስቲ ያው ደንበኛ ነገ «የእገሌ ብሔረሰብ ተወላጅ አያስተናግደኝ» ቢልስ? ያን ጊዜ ወዳጄም ያፍራል። የደንበኛ ፍላጎት ሁሉ ፍትሕ አይሆንም።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሐመርሜሽና ቢድል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካና በካናዳ መልከ ጥፉ የተባሉ ሠራተኞች መካከለኛ መልክ ካላቸው ይልቅ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ እንደሚከፈላቸው፣ ወንዶችም ከዚህ እንደማያመልጡ አሳይተዋል። ሄልማንና ሳሩዋታሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ባደረጉት ሙከራ፣ ውበት ወንዶችን በየትኛውም የሥራ ቦታ ሲጠቅም ሴቶችን የጠቀመው ለኃላፊነት ባልታጨ ሥራ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ የመረጥናት ቆንጆ ከዓመት በኋላ ለቢሮ ኃላፊነት ስትወዳደር «አንቺ የሚያምርብሽ እንግዳ መቀበያው ነው» ተብላ ቀረች። ያስገባት መልኳ መልሶ በር ዘጋባት። ሁለቱንም ሴቶች በድለናል ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ ማበላለጥን ይከለክላል። ሆኖም አዋጅ እስክሪብቶ የያዘ እጅን ሊይዝ አይችልም። በአሜሪካ ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተወዳዳሪውን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጠው ማስጫወት ጀመሩ፤ ጎልዲንና ራውስ የተባሉ ተመራማሪዎችም መጋረጃው የሴቶችን የማለፍ ዕድል ከፍ እንዳደረገ እ.ኤ.አ. በ2000 ጽፈዋል። እኛስ ቢያንስ የፈተናውን ወረቀት በስም ሳይሆን በቁጥር ማረም ያቅተናል? «አቀራረብ» የምትለዋንስ ሣጥን፣ ምን እንደምትለካ መናገር ካልቻልን፣ መሰረዝ ያቅተናል?

ያቺን ልጅ ዳግም አላገኘኋትም። ብታነበኝ ግን መልሱ ይኸውልሽ፦ ጉድለቱ ያንቺ አልነበረም። እኔ በሞላሁት ቅጽ ላይ ነበር።