ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ቁልፉ የማን ነው?

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ የቁምስናችን ልጅ የሆነ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «አባ፣ ስለ ኃጢአት የምጠይቅዎ ነገር አለ፤ ኑዛዜ ግን አይደለም» አለኝ። አክስቱ ከጣሊያን ለዕረፍት ስትመጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ገዝታ አምጥታለት ኖሯል። ጨዋታው የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ ልጁም ብቻውን ከማሽኑ ጋር ይጫወተዋል። ነገር ግን ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር በኢንተርኔት አማካይነት ባሕር ማዶ ካለው የኩባንያው ኮምፒዩተር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም፤ መስመሩ በመካከል ቢቋረጥም ወዲያው ይቆማል። በቤታቸው ያለው ኢንተርኔት ደግሞ እናቱ በስልኳ የምትሞላው ጥቅል ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ዐዋቂ የሆነ ጓደኛው «ቁልፉን ሰብሬ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ላድርግልህ» ቢለው፣ እሺ ከማለቱ በፊት ኅሊናው ወቀሰው። «አባ፣ ገንዘብ የተከፈለበትን የራሴን ዕቃ ቁልፉን ብሰብር ሌባ እሆናለሁ ወይ?»

እኔም «ልጄ፣ ጥቂት ጊዜ ስጠኝ» ብዬ አሰናበትሁት። ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ በወጣቶች መካከል የሚያገለግሉ ካቴኪስቶቻችንም ዛሬ ወይም ነገ እንደሚያጋጥማቸው ስለ ተረዳሁ፣ መልሴን በዚህ መጽሔት ማቅረብን መረጥሁ።

ጨዋታ ከንቱ ነገር ነውን?

«ካህን ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ጨዋታን አልናቁም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ ሥጋ በድካም ጊዜ ዕረፍትን እንደሚሻ ሁሉ ነፍስም በሐሳብ ስትደክም ማረፊያ እንደሚያስፈልጋት፣ ማረፊያዋም ልከኛ ጨዋታ እንደሆነ አስተምሯል። በዚያው ትምህርቱ ስለ ወንጌላዊው ዮሐንስ የቆየ ታሪክ ያነሣል። ሐዋርያው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት አይተው የተሰናከሉ ሰዎች ነበሩ። እርሱም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን ሰው ደጋግሞ እንዲወረውር ካዘዘው በኋላ፣ ሳታቋርጥ እንዲህ ማድረግ ትችላለህን ብሎ ጠየቀው፤ ሰውየውም ቀስቱ ይሰበራል ሲል መለሰ። የሰውም ልብ ከውጥረቱ ፈጽሞ ካልላላ እንዲሁ ይሰበራል ማለቱ ነበር።

ሁለተኛም፣ ነገሩ በጨዋታ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓመተ ምሕረት አማዞን የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ የሸጣቸውን አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት፣ ቅጂዎቹን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን የማሳተም መብት አልነበረውም በማለት፣ ከገዥዎች የንባብ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን የገዛነው መጽሐፍ ከመደርደሪያችን ሳንጠየቅ ሊወሰድ እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታወቀ። ዛሬ በጨዋታ ላይ የሚሠራው ነገ በመጽሐፍ፣ በመዝሙርና በመሥሪያ ዕቃ ላይ ይሠራል።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ቀደም ሲል የኮምፒዩተር ጨዋታ በዲስክ ይሸጥ ነበር። ገዥው ዋጋውን ከፍሎ ዲስኩን ይረከባል፤ ይጫወታል፤ ሲሰለቸው ለወንድሙ ያውሳል ወይም ይሸጣል። በከተሞቻችን ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የተስፋፉትም በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና ጥቂት ዲስኮች ካሉ የሠፈሩ ልጆች ተራ ይዘው ይጫወቱ ነበር። ሻጩ ከሽያጩ በኋላ በመካከል የሚገባበት ምክንያት አልነበረም።

ከጊዜ በኋላ ግን አንዳንድ ኩባንያዎች ብቻን የሚጫወቱትም ጨዋታ ቢሆን ምንጊዜም ከእነርሱ ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር ከሚባለው፣ ጋር መገናኘት አለበት ማለት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 ዲያብሎ 3 የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ሰርቨሮቹ በሕዝብ ብዛት ተጨናነቁና ዋጋ የከፈሉ ሰዎች በር ላይ ቀሩ። በመጋቢት 2013 ሲምሲቲ የተባለው፣ ተጫዋቹ ከተማ እየቈረቈረ የሚያስተዳድርበት ጨዋታ በወጣ ጊዜም ያው ሆነ፤ ለብዙ ቀናት ብዙዎች ሊገቡ አልቻሉም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2014፣ ኩባንያው ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚያስችል ማሻሻያ አወጣ። አይቻልም ሲባል የቆየው ነገር ተቻለ ማለት ነው። በዚያው በ2013 ማይክሮሶፍት አዲሱ የጨዋታ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ፈቃድ መቀበል እንዳለበት አስታውቆ ነበር፤ የገዥዎች ተቃውሞ ስለ በረታበት ግን በሰኔ ወር ዕቅዱን ሰረዘ።

ከሁሉ ይልቅ ለልጁ ጥያቄ የሚቀርበው ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጨዋታ ታሪክ ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በታኅሣሥ 2014 ለገበያ አቀረበው፤ ብቻን ሊጫወቱት ይቻል ነበር፤ ሆኖም ያለ ሰርቨሩ አይነሣም። መጋቢት 31 ቀን 2024 ኩባንያው ሰርቨሩን ዘጋው። በዚያን ቀን ጨዋታው የገዙት ሰዎች ሁሉ እጅ ላይ ሞተ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ከዚህ የተነሣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኩባንያዎች የሸጡትን ጨዋታ ሲተዉ ገዥው ሊጫወተው በሚችልበት ሁኔታ እንዲተዉት የሚጠይቅ የዜጎች አቤቱታ ተነሥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ዩቢሶፍትም በመስከረም 2024 ተከታዮቹን ጨዋታዎች ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚቻልበትን መንገድ እንደሚያዘጋጅ ቃል ገባ።

የሻጩ ምክንያት

ፍርድ ከመስጠት በፊት ሌላውን ወገን መስማት ይገባል። አንደኛ፣ በባሕርያቸው ኅብረትን የሚሹ ጨዋታዎች አሉ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ጨዋታ ያለ መገናኛ ሊኖር አይችልም፤ የእግር ኳስ ግጥሚያ ያለ ተጋጣሚ እንደማይኖር ማለት ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁለተኛ፣ ሰርቨር ማቆየት ወጪ አለው፤ ማንም ሰው ለዘለዓለም በኪሳራ እንዲሠራ አይገደድም። ሦስተኛውና ለእኛ የሚመረው፣ ኩባንያዎቹ ቁልፍ ያበዙት ስለ ተሰረቁ መሆኑ ነው። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው ጨዋታው ሲሸጥ ነው። በእኛ አገር ግን ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዲስክና ፍላሽ በየሱቁ ሲሸጥ ኖሯል፤ ብዙዎቻችንም ያለ ኀፍረት ገዝተናል። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቃል። ሰባተኛው ትእዛዝ ደግሞ ከአዋጁ አስቀድሞ ነበር። በሩ ስለ ምን ተቆለፈ ብሎ የሚጮኽ ሰው መጀመሪያ የራሱን እጅ ይመልከት።

መግዛት ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ሁሉ ተነግሮ ዋናው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። አንድ ገበሬ በገበያ በቅሎ ሸጠ እንበል። ዋጋውን ተቀበለ፤ ልጓሙን ግን በቤቱ አስቀረ። ገዥውም በየማለዳው እየሄደ ልጓሙን ተውሶ ይጋልባል፤ ሻጩ ከቤቱ በጠፋ ቀን በቅሎዋ ቆማ ትውላለች። ሻጩ አንድ ቀን «ከእንግዲህ ልጓም ማዋስ ታክቶኛል» ቢል ገዥው ያለ መጓጓዣ ይቀራል። እንግዲህ ያ ሰው በቅሎ ሸጠ እንላለንን? በአገር ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ አከራየ ወይም አዋሰ ይባል ይሆናል እንጂ ሸጠ አይባልም። ማከራየት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ኪራይን ሽያጭ ብሎ ጠርቶ የሽያጭ ዋጋ መቀበሉ ላይ ነው።

ቅዱስ ቶማስ ስለ መግዛትና መሸጥ ባስተማረበት ክፍል፣ ሻጭ የሚሸጠው ነገር ገዥውን የሚጎዳ የተሰወረ ጉድለት ካለበት ሊገልጥ ይገደዳል ይላል። ለሌላ የሚታዘዝና በማይታወቅ ቀን የሚዘጋ ቁልፍ እንዲህ ያለ ጉድለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2410፣ በቅን ልብ የተደረገ ተገቢ ቃልና ውል መጠበቅ እንዳለበት ያስገነዝባል። ዓለማዊው ሕግ እንኳ ወደዚህ ማዘንበል ጀምሯል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ገዥው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይነግር «ግዛ» በሚል ቃል ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥን ነጋዴ ይከለክላል። ሕጉ ቁልፉን አላስወገደም፤ ነገሩ በትክክለኛ ስሙ ይጠራ አለ እንጂ።

«ነገር ግን ገዥው ተስማምቻለሁ የሚለውን ተጭኗል» ይባላል። እውነት ነው። ሆኖም ያ ውል በረቀቀ የሕግ ቋንቋ የተጻፈ፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ከተከፈለ በኋላ የሚቀርብ፣ አንድ ቃል ሊለወጥበት የማይቻል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ሬሩም ኖቫሩም በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛ ቸግሮት በአነስተኛ ደመወዝ ቢስማማ እንኳ መስማማቱ ብቻ ውሉን ፍትሐዊ እንደማያደርገው፣ ከሰዎች ስምምነት በላይና በፊት የተፈጥሮ ፍትሕ እንዳለ አስተምረዋል። የርሃብተኛን እንጀራና የተማሪን ጨዋታ አላስተካክልም። መሠረተ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ፊርማ ብቻውን ፍትሕን አይወልድም።

ቁልፉ የሚጎዳው ደግሞ ድኻውን አስቀድሞ ነው። ኢንተርኔት እንደ ውኃ በሚፈስበት አገር «ምንጊዜም ተገናኝ» የሚለው ትእዛዝ ጎልቶ አይታይም። እኛ ግን መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር እንኖራለን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በትግራይ ያሉ ወገኖቻችን ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ተቋርጦባቸው ኖረዋል። በዚያ መከራ ጨዋታ የሚያስታውስ አልነበረም። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ሁልጊዜ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ መስመር የሌለው ሰው ምንም የለውም ማለት እንደሆነ ከዚያ እንማራለን።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ

እንግዲህ መልሴ እንዲህ ነው። ያልተከፈለበትን ጨዋታ ቀድቶ መውሰድ፣ የተከፈለበትንም አባዝቶ ለሌሎች ማደል ስርቆት ነው፤ ኩባንያው ሀብታም መሆኑ ስርቆትነቱን አያስቀርም። ዋጋው የተከፈለበትን የራስህን አንድ ቅጂ ለራስህ ብቻ መክፈት ግን የሌላውን ንብረት ከመውሰድ ጋር አንድ አይደለም፤ ከሻጩ የወሰድኸው አንዳች የለምና። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቼ «ስበረው» አልልህም። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን ቁልፍ መስበር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ክርስቲያንም ሕግን በቀላሉ አይተላለፍም። ጓደኛህ የሚያመጣው መስበሪያም አንድ ሳንቲም ላልከፈሉት በሩን የሚከፍት ያው መሣሪያ ነው። ስለዚህ አስቀድመህ በቀናው መንገድ ሂድ። በአክስትህ በኩል ለሻጩ ጻፍ፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ጠይቅ። ሻጩ ሰርቨሩን ለዘለዓለም ዘግቶ ጨዋታውን ቢተወው፣ የከፈልህበትን ከሞት ለማትረፍ የሚደረገውን ጥረት እኔ ስርቆት ልለው አልችልም። ይህ ግን የአንድ ካህን አስተያየት እንጂ የቤተ ክርስቲያን ውሳኔ አይደለም።

አንድ ነገር ጨምሬ ነገርሁት። እናቱ ጥቅል የምትሞላበት ገንዘብ ከቤቱ ቀለብ የሚወጣ ከሆነ፣ ፍትሑ የሻጩ ጉዳይ ቢሆንም ልከኝነቱ የእርሱ ጉዳይ ነው። ለነፍስ ዕረፍት የተባለ ጨዋታ እናትን የሚያስጨንቅ ከሆነ ዕረፍትነቱ ቀርቷል።

ልጁ አንድ ብርቱ ጥያቄ መለሰልኝ። «አባ፣ እኛስ በየሰዓቱ በእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ወይ የምንኖረው? እርሱም ቁልፉን ይዞ አይደለም ወይ?» ጥያቄው ብዙ አሳሰበኝ። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ለቅጽበት እንኳ ካልደገፈን አንኖርም። ነገር ግን እርሱ ዋጋ ተቀብሎ የሸጠልን አንዳች የለም፤ ያለንን ሁሉ በነጻ ሰጠን። የሰጠውንም በሰጠበት ልብ ይጠብቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት እግዚአብሔር በስጦታውና በጥሪው እንደማይጸጸት ያስተምራል። ሻጭ የሸጠውን ሊተው ይችላል፤ ፈጣሪ ግን የሰጠውን አይተውም። የእኛ ቃል መለኪያም ይህ የእርሱ ታማኝነት ነው።

ስለዚህ ካቴኪስቶች ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ የወጣቶቹን ጨዋታ ለምሳሌነት ቢጠቀሙበት መልካም ነው፤ የሚያውቁት ነገር ነውና ፈጥነው ይረዳሉ። ነገር ግን ፍርዱ ባሕር ማዶ ባሉ ኩባንያዎች ላይ ብቻ አይቁም። ቤት አከራይቶ በየሳምንቱ ቃሉን የሚለውጥ፣ ዕቃ ሸጦ ጉድለቱን የሚሸሽግ፣ ለልጁ «የአንተ ነው» ብሎ ሰጥቶ በተቆጣ ጊዜ የሚነጥቅ ሁሉ ያንን የበቅሎ ልጓም በቤቱ አስቀርቷል። ሁላችንም የሰጠነውን በእውነት መስጠታችንን፣ የሸጥነውንም በእውነት መሸጣችንን ኅሊናችንን እንመርምር።

ልጁ ደብዳቤውን ጽፏል፤ መልስ ግን እስካሁን አልመጣለትም። ቁልፉንም አልሰበረም። ጌታ በጥቂቱ የታመኑትን በብዙ የሚሾም ነውና፣ ለእርሱም ለእኛም በቃላችን የምንጸናበትን ጸጋ ይስጠን።